ወፍጮ ቤት ውስጥ የጣልኩት የልጄ ስም

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር ቤቴ መጥተው «የቀረ አለ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ፤ መስቀላቸውን ስሜ እሸኛቸዋለሁ። ነበረ እኮ። አሥር ዓመት ሙሉ ነበረ። እንግዲህ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ማንም ሁኑ ማን፣ እስክጨርስ ታገሱኝ። ከመሐል ብታስቆሙኝ እፈራና እተወዋለሁ፤ ስተወው ነው የኖርኩት።

ልጄን ሌባ ብያታለሁ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ጠላት አይደለም፣ ጎረቤት አይደለም፤ እኔ የወለድኳት። ጥሩወርቅ በዕድሜዋ የሰው ክር እንኳ አንስታ አታውቅም። እኔ ይህን አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ቤታችን ላፍቶ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ፊት ለፊት ፉሪ ተራራ የሚታይበት። ያን ጊዜ ከደጃችን ጀምሮ እስከ ጀሞ ድረስ ጤፍና ሽንብራ ነበር፤ ቤት የሚባለው እዚህ አንድ እዚያ አንድ ነው። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን «አሰብ ደርሼ መምጣቴ ነው» ብሎ ወጣ። መኪናው ገደል ገባ። ሬሳውም አልመጣልኝም፣ እዚያው ቀበሩት አሉኝ። ጥሩወርቅ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው «ደርሼ ልምጣ» ሲለኝ ደጅ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ። ሁለት ላሞች ነበሩኝ። ወተታቸውን ሳሪስ ድረስ ለየቤቱ እያደረስኩ አሳደግኳት፣ ከተማ ልኬ የታይፕና የጽሕፈት ሥራ አስተማርኳት።

የመጨረሻው ዓመት ላይ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ተማሪው ሁሉ በየራሱ መሥሪያ ቤት ፈልጎ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ይሥራ፣ «ተለማምዷል» የሚል ወረቀት ካላመጣ ዲፕሎማ የለም ተብሏል። እኔ አልገባኝም።

«በነፃ የሚሠራ ሰው ማን ይጠላል? ሄደሽ መጣሁላችሁ በያቸው!» አልኳት።

«እማዬ፣ በነፃ ለመሥራትም ዘመድ ያስፈልጋል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ትይዛለች፤ ጭቃውን በባዶ እግሯ ወርዳ፣ ነዳጅ ማደያው ቧንቧ ላይ ታጥባ፣ አስፋልቱ ላይ ትጫማለች። ከዚያ በየመሥሪያ ቤቱ በር። ስትመለስ ዘበኞቹን በድምፃቸው እየቀዳች ታሳየኝ ነበር።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ በቀለ።»

«የትኛው በቀለ? የሚኒስቴሩ?»

«የጭነት መኪናው።»

«እንግዲያው መኪናው ሲመጣ አብረሽ ነይ!»

ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ላሞቹን ልታስገባ ስትወጣ ግን አለቀስኩ።

ስንት በር እንዳንኳኳች አላውቅም። በመጨረሻ አንዱ ተቀበላት። ድሬዳዋ ያለ ፋብሪካ ነው፤ ግምጃ ቤቱ ጽሕፈት ክፍል ውስጥ ሦስት ወር ትለማመዳለች፣ ማደሪያ አለ፣ ባቡሩንም እኛ እንችላለን ብለው ጻፉላት። ግምጃ ቤት ነውና ግን ንብረት ያለው ሰው ዋስ ሆኖ ይፈርምላት። ልጄ ግቢው ውስጥ እንደ ጥጃ ዘለለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ምን አለችኝ?

«ሦስት ወር እኮ ነው እማዬ፣ ደርሼ መምጣቴ ነው።»

የአባቷን ቃል። ሳታውቀው።

አትሂጂ ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። እናት ነኝ፣ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ግን ፊት ለፊት ብከለክላት፣ ያን ሁሉ ጭቃ ወጥታ ወርዳ ያገኘችውን የነጠቅኳት እኔ መሆኔን ታውቃለች። እኔ እንድትቀር ፈለግሁ፤ እንዳትጠላኝም ፈለግሁ። ሁለቱንም ፈለግሁ። ኃጢአቴ ከዚህ ይጀምራል።

ዋስ ሊሆኑላት ቃል የገቡት ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ መሬትም ወፍጮ ቤትም አላቸው፣ የባሌም ወዳጅ ነበሩ። ሐሙስ እፈርማለሁ ብለዋታል። እኔ ረቡዕ ጠዋት አንድ ቁና ገብስ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ቤት ዱቄት ነበረ። ገብሱን የተሸከምኩት መሄጃ እንዲሆነኝ ነው።

ወፍጮ ቤት እንዴት እንደሚጮኽ ታውቃላችሁ። ሞተሩ ይደበድባል፣ ጣራው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው የሚነጋገረው በእጁ ነው። ሴቶቹ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ቶሎሳ ጆሮ ሥር ጠጋ አልኩና «ጋሼ፣ ለልጅቷ አይፈርሙላት» አልኩ።

«ምን?»

ደገምኩት።

«ለምን?» አሉ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ለምኑን አላሰብኩበትም ነበር። አምላኬ ያውቃል፣ ተዘጋጅቼ አልሄድኩም። ግን ዋስ የሚሆን ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ እሱው አፌ ላይ መጣ። እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ «እጇ አመል አለበት!» አልኩ።

እሳቸው ለካ እኔን ለመስማት ብለው ሞተሩን አጥፍተውታል። ቃሌ ጸጥታው መሐል ወደቀ። ስምንት ዘጠኝ ሴት ተሰልፏል። አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። ሁሉም እህላቸውን ያያሉ። ባይሰሙ ኖሮ ቀና ብለው ያዩኝ ነበር።

ያን ጊዜ ልመልሰው እችል ነበር። «ዋሸሁ» ማለት ስንት ቃል ነው? አንድ። እኔ ምን አደረግሁ? ተራዬን ጠብቄ፣ ገብሴን አስፈጭቼ፣ ዱቄቴን ተሸክሜ ወጣሁ።

ሐሙስ ጋሽ ቶሎሳ «ልጄ፣ ዘንድሮ ለማንም አልፈርምም፤ አትቀየሚኝ» አሏት። ምክንያቱን አልነገሯትም። ሊያዋርዷት አልፈለጉም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ሌላ ዋስ ስትፈልግ ቀኑ አለፈ፣ ባቡሩ ሄደ፣ ቦታውን ሌላ ተማሪ ያዘው። ልጄ ቀረችልኝ። የፈለግሁት ሆነ።

እኔ ያሰብኩት ሦስት ወር ላስቀራት ነበር። ስሟ አብሮ እንደሚቀር አላሰብኩም። ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ መቀነታቸውን ዳሰስ ያደርጋሉ። ባለሱቁ እሷ ከገባች ዕቃ ለማውረድ ጀርባውን አይሰጥም። ድግስ ቤት ለሥራ ሲጠራሩ እሷን ይዘሏታል።

«እማዬ፣ ሰዉ ምን ሆኖብኝ ነው?» አለችኝ።

«ቅናት ነው ልጄ። ተማርሽባቸው» አልኳት።

ተማርሽባቸው! የኔን ኃጢአት ደግሞ በሰው ላይ ደፋሁት። እናንተ ብትሆኑ እዚህ ላይ አትነግሯትም ነበር? እኔ አልነገርኳትም።

ጓደኞቿ ዲፕሎማቸውን ተቀበሉ፤ እሷ ዓመቱን ቤት ዋለች። ጣቶቿ እንዳይረሱ ብላ ጣውላ ላይ የታይፑን ፊደላት በከሰል ጽፋ ያንን ትመታ ነበር። እኔ ከቄስ ዘንድ አቡጊዳን ሳልጨርስ የተዳርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ዓመት ነው ቁጭ አድርጋ መጻፍ ያስተማረችኝ። «አይዞሽ እማዬ፣ እጅሽ ይፈታል» ትለኝ ነበር። እኔን አይዞሽ!

በዓመቱ ጫማዋን እንደገና በጋዜጣ ጠቀለለች። በዚህኛው ጊዜ ብልኅ ሆናለች። ነፋስ ስልክ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አዲስ የተከፈተ የቆርቆሮ ፋብሪካ ነበር። ዘበኛውን «ሥራ አስኪያጁን አልፈልግም፤ ታይፕ የሚመታውን ሰው ጥራልኝ» አለችው። ታይፒስቱ ወጣ። ሥራ በዝቶበት ወረቀት ሲያሳድደው ኖሮ፣ ሦስት ወር በነፃ ላግዝህ ስትለው መልአክ የመጣለት መሰለው። ይዟት ገባ፣ አስፈቀደላት። ቤቷ ሆና የምትመላለስበት ሥራ ነው። እኔም ደስ አለኝ፤ እዚህስ አልፈራሁም። ግን እነሱም ዋስ አምጪ አሏት።

ሦስት ሰው ጠየቀች። ሦስቱም ምክንያት አላቸው። ከሦስተኛው ስትመለስ ወረቀቱን እጇ ላይ አድርጋ ላሞቹ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ፊቴ አያሳምንም እንዴ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ሰምቼ ቆሜ ሄድኩ። ሰው በዚህ አይሞትም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ጋሽ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሁሉ «ዋሽቻለሁ ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ ጋሼ» እያልኩ ነው የደረስኩት። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ለብሰው ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ ያ ቃል ጠፋኝ። ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? «ጋሼ፣ ልጅቷ ተመልሳለች። ንስሐ ገብታለች። አሁን እጇ ንጹሕ ነው» አልኩ።

ልብ በሉልኝ። ያላደረገችውን አድርጋለች አልኩ፤ ዓመት ቆይቼ ደግሞ ላላደረገችው ንስሐ አስገባኋት። የኔን ንስሐ እሷ ላይ ጫንኩት። ከመጀመሪያው ይህኛው ይብሳል። የመጀመሪያው ከድንጋጤ ወጥቶ ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ፊቴን ለማዳን ነው።

እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ልጅ ይሳሳታል። ስለ በቀለ ነፍስ ብዬ እፈርማለሁ» አሉ። ፈረሙም። ወረቀቱን ሲሰጧት «ያለፈው አለፈ ልጄ፤ ከእንግዲህ አታሳፍሪኝ» አሏት። እሷ የሽማግሌ ምክር መስሏት ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ሦስት ወሯን ጨረሰች፤ ዲፕሎማዋን አገኘች፤ ፋብሪካውም እዚያው ቀጠራት። ዛሬ የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ ናት። በየዓመቱ ልምምድ የሚፈልጉ ተማሪዎች በሩ ላይ ሲመጡ ዘበኛው እሷን እንዲጠራት አዛለች፤ ራሷ ወርዳ ታስገባቸዋለች። አንዳንዴ ከነሱ አንዷን ይዛ ቤት ትመጣለች፣ እርጎ ትሰጣታለች። ጋሽ ቶሎሳ ይህን ያያሉ፣ ደስ ይላቸዋል። ልጅ ያስቸገረው ወላጅ ሲያማክራቸው «ተስፋ አትቁረጥ፣ የበቀለን ልጅ አታያትም?» ይላሉ አሉ። ለበጎ ብለው ነው። ያዳኗት ይመስላቸዋላ!

ታዲያ «ሁሉም ለበጎ ሆነ» ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን አባበልኩ። ለበጎ አልሆነም። በጎ ያደረገችው እሷ ናት። እኔ ያደረግሁት ያው ያደረግሁት ነው።

ባለፈው እሑድ ዕድራችን ጸሐፊና ዕቃ ጠባቂ ሊመርጥ ተሰበሰበ። ጋሽ ቶሎሳ ተነሥተው «ጥሩወርቅ ትሁን፤ እንደሷ የሚጽፍ የለንም» አሉ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። አንዲት አሮጊት ግን ከወደ ኋላ «ትጻፍ፣ ትጻፍ። ዕቃው ብቻ ሌላ ሰው ዘንድ ይሁን» አሉ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቆጣም። በሚመጣው እሑድ ይወሰን ተብሎ ተበተነ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጥሩወርቅ ክንዴን ያዘች።

«እማዬ፣ እኔ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ከድሮም አውቃለሁ። የሚነግረኝ ሰው ባገኝ አልቆጣም። ባውቀው እኮ እመልስለት ነበር።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃቱ ተመልሶብኛል። ግን ልንገራችሁ፣ ይህ ፍርሃት እንደ ድሮው አይደለም። የድሮው እግሬን ያስረዋል፤ ይህኛው ይገፋኛል። ልጄ አልቆጣም ብላለች። መልስ መስጠት እችላለሁ ብላለች። አሥር ዓመት ሙሉ ተሰብራለች እያልኩ ስሸሽጋት፣ እሷ ለካ የምትጠብቀው ጥያቄውን ብቻ ነው። እሑድ ዕድሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ጋሽ ቶሎሳ ባሉበት፣ አሮጊቷም ባሉበት። ካሰብኩት በላይ ድምፄ ይወጣልኛል ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ በፊት ግን መስማት ያለባት እሷ ናት። ይህን የጻፍኩት ከአፌ ቢጠፋብኝ እንዳነብላት ነው።

ፈርቼ ነው አልላትም። ባሌን መንገድ በልቶብኝ ነው አልላትም። ብዙ ሴት ባሏን መንገድ በልቶባታል፤ ልጇን ሌባ አላለችም። እናንተም ምክንያት አትፈልጉልኝ። ይቅርታውን ሰጠችም ከለከለችም የሷ ነው፤ እኔ እጄን ዘርግቼ አልጠብቅም። ስሟን ብቻ እመልስላታለሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከሥራ በጊዜ ገብታለች። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች ታንጎራጉራለች። አሁን በመስኮቱ ጠራኋት።

«ጥሩዬ፣ ነይ እስኪ አጠገቤ ተቀመጪ።»

«መጣሁ እማዬ» አለች።

እየመጣች ነው።