ስህተቱን መስመሩ ላይ አሳይ

በዚያ ዘመን ከሚሴ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ወፍጮ ቤቱ ያማርራል፣ ሻይ ቤቱ ያማርራል፣ የቢሮ ሰው ደግሞ የማማረሪያ ምክንያት አግኝቶ ወደ ሻይ ቤቱ ይሄዳል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበርሁ፤ ክፍሌን የቀማኝ ደግሞ ፕላዝማ ነው። በብረት ሳጥን የተቆለፈው ያ ቴሌቪዥን ሲበራ አንድ የማናውቀው መምህር በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምራል፤ ጥያቄ ሰጥቶ «አሁን ሞክሩት» ይላል፤ ልጆቹ እስክሪብቶ ሳያነሱ መልሱን ራሱ ጽፎት ያልፋል። የእኔ ሥራ ሳጥኑን መክፈትና መዝጋት ሆነ። ለዚህ ነው ወይ ኮሌጅ የገባሁት እያልሁ እበግን ነበር።

ልጆቹ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምረው የመጡ ናቸው። ቤታቸው ኦሮምኛ ነው፤ ገበያው ኦሮምኛም አማርኛም ነው፤ ቁርአኑን በዐረብኛ አንብበዋል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ እንግሊዝኛው ሲደረብባቸው ጊዜ ጥያቄውን ሳይረዱት ቀመር ፍለጋ ይሮጣሉ። አንዱ ጥያቄው ውስጥ ያገኛቸውን ቁጥሮች በሙሉ ደምሮ አመጣልኝ። ለምን ደመርሃቸው ስለው «ትናንት ሳባዛቸው ኤክስ ሰጡኝ» አለ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ተመልሶ የእኔ ይሆናል። የመጽሐፉን ባቡርና የመዋኛ ገንዳ ትቼ፣ በበጋ ሳር ፍለጋ ጨፋ ሜዳ የሚወርዱትን ከብቶች፣ የቦርከናን ወንዝ ውሃ ለማሳ መከፋፈል የመሰለውን ነገር አመጣላቸዋለሁ። ሰሌዳውን ለሦስት እከፍለዋለሁ፤ የታወቀው፣ የሚፈለገው፣ የጎደለው። አሠራሩን የወሰድሁት ከሽማግሌዎቻችን ነው። በግጦሽ የተጣሉ ሰዎች ዋርካ ሥር ሲቀመጡ፣ ተከሳሹ መልስ ከመስጠቱ በፊት የከሳሹን ቃል ይደግማል። «እንዲህ ብለሃል?» ይለዋል። ከሳሹ «ብያለሁ» እስኪል ድረስ መልስ የለም። እኔም ጥያቄውን በገዛ አፉ ደግሞ ያላስረዳ ጠመኔ አይነካም አልሁ። ሌላም ሕግ ነበረን። ሰሌዳው ላይ የተሠራን ሥራ «ተሳስቷል» ማለት የሚችለው ስህተቱን መስመሩ ላይ በጣቱ የሚያሳይ ብቻ ነው። ሕጉ ለእኔም ይሠራል። የሚያሳይ ከጠፋ ከኋላ አንዱ «ዱጋ!» ይላል፣ እውነት ነው ማለቱ ነው፤ ከዚያ ክፍሉ ያጨበጭባል።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለ መንደር የመጣች ነበረች። ከሚሴ ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ፣ ስንቋን ከቤቷ እያመላለሰች ነው የምትማረው። ፈጣን አልነበረችም። ሌሎቹ እጃቸውን አውጥተው ሲንጫጩ እሷ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ሰሌዳውን ትመለከታለች። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ «ቲቸር፣ ውሃው በየቀኑ እየቀነሰ ከሆነስ?» ትላለች። ሥራው በሙሉ ይፈርሳል፤ እንደገና እንጀምራለን። በማስተማር ዘመኔ እንደ እሷ ያለ ጭንቅላት አላጋጠመኝም ብል አላጋነንሁም። ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ብዬ ለባልደረቦቼ ለፍፌያለሁ። አባቷንም ገበያ አግኝቼው ነግሬዋለሁ፤ «ኢንሻአላህ» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። የዚያች ልጅ መማር የራሴ ጉዳይ ሆኖብኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል በገባች ዓመት ማሽላው ሳያፈራ ዝናቡ ተቋረጠ። አባቷም ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ ዝም አለች። ያን ጊዜ የአገሩ ወሬ አረብ አገር ነው። ደላላው በየመንደሩ ይዞራል። ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም የሚወራው እገሊት ጅዳ ገባች፣ እገሊት ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት አሠራች ነው። ከየክፍሉ ሴቶቹ እየሳሱ ነበር። እሷን ግን ከእነሱ ጋር አስቤያት አላውቅም።

አንድ ረፋድ ፕላዝማው ጭጭ አለ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ጠመኔ ሳነሳ እሷ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ዛሬ ጥያቄውን እኔ ላምጣ?»

ስንት ቀን ዝም ያለች ልጅ አፏን ስትከፍት ደስ አለኝና ጠመኔውን ሰጠኋት። ሰሌዳውን ለሦስት ከፈለችው። የታወቀው በሚለው ሥር የአባቷን ሕመም፣ ደሴ ሐኪም ቤት «ሕክምናው አይቆይ» መባሉን፣ የደረቀውን ማሽላ፣ የተሸጠውን በሬ፣ ከእሷ በታች ያሉትን ልጆች ጻፈች። የሚፈለገው በሚለው ሥር «አባቴ እንዲታከም፣ ልጆቹ እንዳይበተኑ» አለች። ከዚያ የጎደለው በሚለው ሥር መንገዶቹን አንድ በአንድ ደረደረቻቸው፤ መማር፣ መበደር፣ ማግባት፣ ከሚሴ ሰው ቤት መቀጠር፣ አረብ አገር በቪዛ መሄድ። እያንዳንዱን እያስረዳች፣ የማያደርሰውን እየሰረዘች ወረደች። የመጨረሻው ብቻ ሳይሰረዝ ቀረ።

ጨዋታ መስሏቸው ፈገግ ያሉት ልጆች ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። አንዱ እጁን አወጣ።

«ባሕሩ ሰው ይበላል» አለ።

«እንዲህ ብለሃል? ባሕሩ ሰው ይበላል ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ለዚህ ነው በቪዛ ብዬ የጻፍሁት። እዚህ መስመር ላይ አለ።»

ጓደኛዋ ቀጠለች። «እዚያ አሠሪዎቹ ይደበድባሉ። ስንቷ አብዳ ተመለሰች!»

«እሱንም ጽፌዋለሁ። ይሄውና፣ ‹ሊሆን ይችላል› ብዬ።»

ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተኝ። «ጨርሰሽ ዩኒቨርሲቲ ብትገቢስ? ይሄ ሁሉ ከምሩቅ ደመወዝ አይገኝም ወይ?» አልኋት። ድምፄ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር።

ቃሌን ደገመችልኝ። ብያለሁ አልሁ።

«ቲቸር፣ አባቴ ያን ያህል ጊዜ የለውም፤ የታወቀው ውስጥ ነው። ደግሞ የመንደራችን ምሩቅ ተመልሶ መጥቶ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁም የሰው ነው።»

ሰሌዳው ድረስ ሄድሁ። ከላይኛው መስመር ጀምሬ በጣቴ እየተከተልሁ ወረድሁ። ስህተት የምፈልገው እንደ መምህር አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው የፈለግሁበትን ቦታ ደጋግሜ እፈልግ ነበር። መበደሩ ጋ ቆምሁ፤ ማን ያበድራቸዋል? ትዳሩ ጋ ቆምሁ፤ እሱንስ እኔው ራሴ እንዴት ብዬ እመክራታለሁ? ከላይ እስከ ታች የተጣመመ ነገር የለም። ሳስተምር እንዲህ ጥርት ያለ ሥራ ከተማሪ አይቼ አላውቅም፤ ያኮራኝ ይሆናል ብዬ የጠበቅሁት ሥራ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ያናደደኝ እሷ አልነበረችም። በጎበዝ ልጅ እጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስጨበጠው ዓመትና አገር ነው ያንገበገበኝ።

«ያንቺ ፍላጎትስ?» አልኋት በመጨረሻ። «የት ጻፍሽው?»

ሻሿን አስተካከለች። «ጥያቄው ውስጥ የለም፣ ቲቸር።»

«ይኖራል እንጂ! የሚፈለገው ውስጥ ይገባል።»

«ካስገባሁት አባቴ ይወጣል» አለች። «ካልተስማሙ ስህተቱን መስመሩ ላይ ያሳዩኝ።»

ጣቴ ሰሌዳው ላይ ነበር። አነሣሁት።

ከኋላ አንድ ልጅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ዱጋ» አለ። አንዲት ልጅ አጨበጨበች። ሌላው ተከተለ። ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ የሚያሳይ ከጠፋ ይጨበጨባል፣ ያስለመድኋቸው እኔ ነኝ፣ ሥራውም ትክክል ነበር። ጓደኛዋ እያለቀሰች ታጨበጭባለች። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመች፤ ከዚያ ጠመኔውን በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ቲቸር። ያለ እርስዎ እንዲህ አስተካክዬ አላስበውም ነበር።»

ደብተሯን ይዛ ወጣች። በመስኮት ግቢውን አቋርጣ ወደ መናኸሪያው ስትታጠፍ አየኋት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ወሬዋም አንዴ ጅዳ ነች፣ አንዴ ቤት ቀይራለች ሲባል ቆይቶ ደብዛው ጠፋ።

ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ፊቴን ለልጆቹ ማሳየት አልፈለግሁም። ዳስተሩን አንሥቼ የታወቀው ከሚለው ልጀምር ስል፣ ከመካከለኛው ረድፍ ካሉት ሴቶች አንዷ ጮኸች።

«ቲቸር፣ አያጥፉት! ጽፈን አልጨረስንም!»

ዞር አልሁ። ሴቶቹ በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።