በእትዬ ብርቄ ገላ ውስጥ የቀረው መረብ

ቀዶ ጥገና ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን ጥፍሬን ቀለም ተቀብቼ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ አስፋቁኝና እጄን እስከ ክርኔ ደጋግመው አስታጠቡኝ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ቁንጅና አይሠራም፤ ጎዙን ቆጥሮ ማስገባት፣ ቆጥሮ ማስወጣት ነው» አሉኝ።

ጎዝ የምንለው የደም መጥረጊያ ጨርቅ፣ መርፌ፣ መቆንጠጫ፤ የገባው ሁሉ ሳይወጣ ቁስል አይሰፋም። በዚህ ሕግ አረጀሁ።

ሆስፒታላችን ጉለሌ ስለሆነ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የኖሩ ሴቶች ይመጡልን ነበር። ሸክሙና ወሊዱ ተደራርቦ ማህፀናቸው ወርዷል። ለባል እንኳን ሳይናገሩ፣ ለዓመታት በጨርቅ አስረው ይዘውት የኖሩ ናቸው። የማህፀን ሐኪማችን ዶክተር ሰለሞን የላላውን በራሳቸው ሥጋ አጥብቆ ይሰፋላቸዋል። አንዳንዷ ላይ ግን ተመልሶ ይወርዳል። ያኔ ምሳውን ትቶ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ አየዋለሁ።

አንድ ጊዜ ለሥልጠና የመጡ የውጭ ሐኪሞች መረብ ይዘው መጡ። ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ስስ ነገር ነው። በብልት በኩል ገብቶ ከላላው የብልት ግድግዳ ሥር ይዘረጋል፤ ሥጋ በየቀዳዳው ያድግበትና እዚያው ይኖራል።

«ሲስተር፣ ከእንግዲህ ተመልሶ አይወርድም» አለኝ ዶክተር ሰለሞን። ደስታው የልጅ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ መረቡን አቀበልኩት።

በዚያ መረብ ካከምናቸው አንዷ እትዬ ብርቄ ናቸው። ከእንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ፣ እንጨት ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ወደ ቀዶ ጥገናው ሲገቡ እጃቸውን ይዤ ምን እንደሚያሳስባቸው ጠየቅኳቸው።

«ቆሜ ማስቀደስ አምሮኛል» አሉኝ። «ስቆም ይወርዳል፤ ሽንቱም ያመልጠኛል። እንዲህ ሆኜ እንዴት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?»

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዶክተሩ መርምሮ ጥሩ ነው አለ። በኋላ ወረፋው በዛና መጠየቅ ብቻ ሆነ።

«እንዴት ነዎት፣ እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። እጅህ ይባረክ።»

«የሚያምዎት ነገር አለ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

ከዚያ ቀሩ። መቅረታቸውን ለደህና ቆጠርነው።

አንድ የማርያም ዕለት እንጦጦ ማርያም ልሳለም ወጣሁ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ቅዳሴው ውስጥ ነው።

«ምነው እዚህ? ይግቡ እንጂ» አልኳቸው።

«በምን ፊቴ ልግባ፣ ሲስተርዬ? ደም አለብኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዳንኩ ወዲህ።»

ይህን ሲሉ አልቀለዱም። እኔ ግን ቱግ አልኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም? ለምን አልነገሩንም?»

«ያ ልጅ ላቡን አንጠፍጥፎ ሠርቶልኝ፣ ሥራህ ተበላሸ ልበለው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።»

አጠገባቸው ቆሜ አለቀስኩ።

አምጥቻቸው ሲመረመሩ መረቡ ግድግዳውን በልቶ ብቅ ብሏል። ዶክተሩ የወጣውን ጫፍ ቆረጠላቸው። ደሙ ቆሞ ተመልሶ መጣ። ስለዚህ መረቡን ጨርሶ ለማውጣት እንደገና ቀዶ ጥገና ገባን። ሥጋው በየቀዳዳው አድጎ ከመረቡ ጋር አንድ ሆኗል፤ ዶክተሩ ሲስበው ሥጋውም አብሮ ይመጣል። የሽንት ፊኛው ደግሞ እዚያው ጥግ ነው። ፊኛውን እንዳይበሳው ፈርቶ ከፊሉን ቆርጦ አወጣና የቀረውን ተወው።

ሲነቁ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ሁሉንም ማውጣት አልቻልኩም። ስናስገባውም እንደማይወጣ አልነገርኩዎትም» አላቸው።

«አይዞህ፣ ልጄ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ለማን እንደማዝን ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ በብልት በኩል መረብ ማስገባት አቆመ። በአንዳንድ አገሮች ቀድሞ መከልከሉን የሰማነው ዘግይተን ነው። ሌሎቹንም ሴቶች ጠራን። በጤና የሚኖሩ አሉ። «ይመስገን» እያሉ የሚደሙም አሉ። አንዷ ወጣት እናት ከሕመሙ የተነሳ ከባሏ ጋር መተኛት ትታ ነበር። ይህን ያወቅነው ግልጥልጥ አድርገን ስንጠይቅ ብቻ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እትዬ ብርቄ ዛሬም ከቅጥሩ ውጭ ያስቀድሳሉ። አንዳንዴ አብሬያቸው እቆማለሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ እንዴት ነዎት አልላቸውም። «ዛሬስ ደሙ?» እላቸዋለሁ። «አለ» ይሉኛል።

ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው። መረብም ሆነ ሌላ በገላ የሚቀር ነገር ከማስገባታችሁ በፊት፣ ገብቶ እንደማይወጣ ለሴትዮዋ ንገሯት። በቀጠሮዋ ቀን ደህና ነሽ ወይ ብላችሁ አትለፏት። ደሙን፣ ሕመሙን፣ ከባሏ ጋር መተኛቱን በየስሙ ጠይቋት። ደህና ነኝ ብትላችሁም መርምሯት።