በተራ ቁጥር አርባ አንድ የሰፈረው ቅሬታ

ድርጅቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ቆጣሪዋ» ነው የሚሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቤት ቤት እየዞረች የመብራት ቆጣሪ ስታነብ ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አዛወሯት። የትኛው ግቢ ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ደግሞ ጌታውን ደስ እንዲለው ብቻ እንደሚጮህ አሳምራ ታውቃለች። አዲስ የተሰጣት ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነበር፤ የሥራው ስም ግን ረጅም ነው፦ የደንበኞችና የባለድርሻ አካላት ግንኙነት ሠራተኛ።

ያን ዓመት ድርጅቱ የአምስት ዓመት እቅዱን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማቅረብ ነበረበት። ተቆጣጣሪው ደግሞ «ደንበኞቻችሁን ጠይቁ፤ ያሉት ነገር በእቅዳችሁ ውስጥ ምን እንደለወጠም አሳዩኝ፤ አለበለዚያ አልቀበልም» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ኃላፊዋ ከእሷ አሥር ዓመት የሚያንስ፣ ለብሶ የማይጠግብ ሰው ነው። ደብዳቤውን አነበበና መጠይቁን ራሱ አዘጋጀ። «አገልግሎታችንን እንዴት ያዩታል? ሀ. ጥሩ፤ ለ. በጣም ጥሩ፤ ሐ. እጅግ በጣም ጥሩ።»

«መጥፎ ነው የሚል ቢመጣስ?» አለችው።

«ሰው መጥፎ የሚለው ስናስታውሰው ነው» አላት።

ወረቀቱን ታቅፋ ወጣች። መጀመሪያ የገባችው የሰፈሯ ፀጉር ሠሪ ዘንድ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ አነበበች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«‹መ› የታለ?»

«አልታተመም።»

«እስክሪብቶ ይዘሻል?»

ሰጠቻት። ፀጉር ሠሪዋ ከ«ሐ» ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መ. ግማሽ ፀጉሯ ደርቆ ግማሹ እርጥብ የሆነ ሙሽራ እጄ ላይ ጥላችሁ ጠፋችሁ።»

ቆጣሪዋ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን ስትሰጥ እስክሪብቶውን አስከትላ «ቦታ ከጠበበዎት ከታች ባዶ ነው» ማለት ጀመረች። በሳምንቱ አርባ «መ» ተሰበሰበ። የባሏን የስኳር መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ የምታስቀምጥ አንዲት ሴት «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ በረዶ አዘጋጅቼ እጠብቃችሁ ነበር» ብላለች። የብዙዎቹም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ መጥፋቱስ ይጥፋ፣ ምነው ብትነግሩን፣ ነው የሚሉት።

አልጽፍም ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልብስ ሰፊው ባሏ። ማታ ማታ «ያንቺ ድርጅት ዛሬም የስፌት መኪናዬን ገተረው» እያለ የሚነዘንዛት እሱ ራሱ፣ ወረቀቱን ስታቀርብለት እጁን ሰበሰበ።

«እኔን አታስገቢኝ። ሱሪ በዘገየ ቁጥር መብራት ነው እያልኩ ነው የምኖረው። መብራቱ ከተስተካከለ ምን ልል ነው?»

ኃላፊው አርባዎቹን «መ» ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ማስታወቂያ እኮ ከሰባት ቀን በፊት እንለጥፋለን። አለማንበብ የደንበኛው ጥፋት ነው። እነዚህን ያውጧቸው።»

«እሺ» አለች። የሚያውቋት ሰዎች ከቁጣዋ ይልቅ እሺታዋን ነው የሚፈሩት።

በዚያው ቀን የጥገና ቡድን መሪው ደወለ። የታናሽ እህቷ ባል ነው። ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው መስመር መብራት ጠፍቶ መቀየር አለበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት የትኛው ቀን ይሻላል?

ቀን መቁጠሪያውን አየች። ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው እቅዱን ለደንበኞችና ከተቆጣጣሪው ለሚመጡ ባለሙያ ያቀርባል።

«ሐሙስ አራት ሰዓት ተኩል አድርጉት።»

«ስብሰባ የለባችሁም እንዴ?»

«ደንበኛውስ ሥራ የለበትም?»

ስቆ ስልኩን ዘጋ። እሷም ማስታወቂያውን ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ፣ ልክ ከሰባት ቀን በፊት ግምጃ ቤቱ በር ላይ ለጠፈችው። የድርጅቱ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ከጥንት ጀምሮ እዚያ ነው።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። መጋረጃው ወርዷል፣ ኃላፊው ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ሥዕል እያሳየ ነው። «እንደምታዩት የመቆራረጡ ነገር በእጅጉ» ሲል አዳራሹ ድርግም አለ። መጀመሪያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ከኋላ ሳቅ አመለጠ። የመብራት ድርጅት ጀነሬተር ምን ያደርግለታል ተብሎ አልተገዛለትም።

ኃላፊው መጋረጃውን ገልጦ፣ ሁሉ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ለጥገና መሪው ደወለ። «ማን ፈቀደላችሁ? እንዴት አይነገረንም?»

«ተለጥፏል እኮ ጌታዬ» አለ መሪው ረጋ ብሎ። «ግምጃ ቤቱ በር ላይ፣ በደንቡ መሠረት።»

«ግምጃ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማን ያነባል? ለሰው እኮ በስልኩ ነው የሚነገረው!»

የቆጣሪዋ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ይሮጥ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዥ እሷ ናት።

«ይቅርታ» አለች ቀና ብላ፣ «በትክክል መያዜን ላረጋግጥ። ተራ ቁጥር አርባ አንድ፦ ግምጃ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማን ያነባል፣ በስልክ ይነገረን።»

ፀጉር ሠሪዋ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ከተቆጣጣሪው የመጡት ባለሙያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «አርባ አንደኛውን ሰማሁ፤ የፊተኞቹን አርባ ደግሞ ባያቸው ደስ ይለኛል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠራት። አንገቷ ቀጥ እንዳለ ገባች።

«ማስታወቂያውን የለጠፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደንቡ ለጥፉ እንጂ ንገሩ አይልም።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲመለስ ሳቁን እየታገለ እንደሆነ ከንፈሩ ያስታውቃል።

«የእኔ ስም ይውጣልኝ» አለ።

«አርባዎቹ ይግቡልኝ» አለች።

ተስማሙ። እቅዱ አርባ አንድ ቅሬታ ይዞ ሄደ፤ የመጨረሻው «ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ደንበኛ» በሚል ሰፈረ። ተቆጣጣሪው በስልክ የማሳወቁን ምዕራፍ አጽድቆ በእቅዱ ውስጥ ለአለቆቹ የታሰቡትን አዳዲስ መኪኖች ሰረዘ። ዛሬ መብራት ከመጥፋቱ አንድ ቀን በፊት በየስልኩ መልእክት ይደርሳል፤ የበረዶዋ ሴት ደግሞ ለብቻዋ ይደወልላታል።

ባለፈው ሳምንት ፀጉር ሠሪዋ ቆጣሪዋን መንገድ ላይ ያዘቻት። «ይጠፋል ብላችሁ ሱቄን ዘግቼ ዋልኩ፤ መብራቱ ግን ቀኑን ሙሉ በርቶ ዋለ። ይሄ ምን የሚሉት ነው?»

ቆጣሪዋ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት አወጣች።