አሥሩም ቤት የዋሉ ቀን

ልጄ የልብስ መቆንጠጫዎቹን ወለሉ ላይ ስትበትናቸው፣ ድምፃቸው ኩዌት ውስጥ ሐዋሊ በሚባል ሰፈር ወደነበረችን ጠባብ ክፍል መለሰኝ።

የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበረን እናቴ ጠዋት ማዳም ቤት ልትሠራ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች። ካሉን አሥር መቆንጠጫዎች ጥቂቱን በኪሷ ይዛ ትሄድና ስትመለስ፣ "ስንት ወሰድኩ? እንዴት አወቅሽ?" ትለኛለች።

"እዚህ ስድስት አሉ፤ አራቱ አንቺ ጋ ናቸው" እላታለሁ።

ፖሊስ ሰፈሩን ይፈትሻል በተባለ ቀን ግን ብቆጥር ብቆጥር አሥር ሆነብኝ። ስትመለስ "ምንም አልወሰድሽም" ብዬ አኮረፍኩ።

"ብያዝ እንዳይጎድልብሽ ብዬ ነው" አለችኝና በሩ ሥር ቁጭ አለች። ስለ መቆንጠጫው የምታወራ መስሎኝ ነበር።

አሁን ልጄ ቆጥራ "አሥሩም አሉ" ስትለኝ፣ ቀድሜ የማየው በሩን ነው።