እቴጌ እንዳትለኝ

ባለቤቴን ከተጋባን ጀምሮ «እቴጌ» ነበር የምላት። ስሟን ለባንክና ለሐኪም ትቼዋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን ሁለታችን እኩል ስንተነፍስ ግድግዳው ወደ ውጭ ይነፋል፤ ቤተ መንግሥት ባይኖረኝ ማዕረጉን ሰጠኋት።

ሁለታችንም የምንሠራው ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ እሷ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም፣ እኔ ፓርኪንግ። መኪናችን አንድ ስለሆነች አብረን እንሄዳለን። የጠዋቱ ትራፊክ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ከያዘን፣ ቤት የተላጨሁት ጺም ድልድዩ ጋ ስንደርስ አድጎ ይጠብቀኛል። ስለዚህ እሷ ከስልኳ የታሪክ ትረካ ትከፍታለች። ተራኪው ድምፀ ወፍራም ነው፤ ስለ ሽንኩርት ቢያወራ እንኳ መንግሥት የተገለበጠ ይመስላል።

አንድ ሳምንት የከፈተችው የአንዲት ፈረንሳዊት እቴጌን ታሪክ ነበር። ሴትዮዋ ደሴት ላይ ተወልዳ፣ የመጀመሪያ ባሏ በአብዮቱ ጊዜ አንገቱን ተቀልቶ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ቀረች። ከዚያ በዕድሜ የሚያንሳትን አንድ ወታደር አገባች። ወታደሩም ንጉሠ ነገሥት ሆነና ዘውዱን በገዛ እጁ ጫነላት።

«አየሽ?» አልኳት። «ቁርጥ እኔን።»

«በቁመት ነው የምትመሳሰሉት» አለችኝ።

ተራኪው ቀጠለ። የመጀመሪያው ጋብቻቸው የማዘጋጃ ቤት ነበር። ዘውድ ሊደፉ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እቴጌይቱ ለሮማው ጳጳስ «በቤተ ክርስቲያን አልተጋባንም» ብላ ተናገረች። ጳጳሱም ያለዚያ ዘውድ አልባርክም አሉ። ባል እየተነጫነጨ፣ በዋዜማው በድብቅ ተጋቡ።

ባለቤቴ ድምፁን ቀነሰችው። «ብልጥ ናት» አለች። «እንዳይፈታት አስራው ነው።»

እኛም የተጋባነው ኮርት ሀውስ፣ ዳኛ ፊት ነው። ቁርባኑን «ልጅ ሲመጣ ከክርስትናው ጋር» እያልን አቆየነው። ልጁ አልመጣም፤ ቁርባኑም አብሮት ቀረ።

በማግስቱ መንገድ ላይ ሳለን እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ስልኩ በመኪናው ስፒከር ገባ።

«ዘርህን ሳላይ ልለፍ እንዴ፣ ልጄ? እሷ ካልሆነላት አንተ ወንድ ነህ፣ ጊዜ አለህ።»

«እማዬ፣ አንቺ ቆንጆ ፈልጊ እንጂ ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ» ብዬ ቀለድኩ።

እናቴ ሳቀች። ከጎኔ የሳቀ ሰው አልነበረም። ቀልድ ደህና መጋረጃ ነው፤ ብቻ አጭር ስለሆነ ከኋላው የቆመው ሰው እግሩ ይታያል።

በሦስተኛው ቀን ተራኪው የፍቺው ቦታ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ እየወደዳት፣ ወራሽ አልወለደችልኝም ብሎ ፈታት። ባለቤቴ ስልኩን አጠፋችው።

«ከዛሬ ጀምሮ እቴጌ እንዳትለኝ።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«እቴጌ መፍታት ቀላል ነው። አልወለደችም ማለት ይበቃል።»

«የዋዜማው ጋብቻስ?»

«ትናንት በምሳ ሰዓት ቀድሜ ሰማሁት። የአጥቢያው ቄስ አልነበሩም፣ ምስክርም አልነበረም ብለው አፈረሱት።»

በዚህ ላይ የምለው ቀልድ በአፌ ሞልቶ ነበር። ግን ያ ሰውዬም እየወደዳት ነው የፈታት። መውደድማ እኔም እወዳታለሁ፤ ለእናቴ ግን ይህን አልመለስኩላትም። ሚስት ባሏ ምን ያህል እንደሚወዳት ሳይሆን፣ ሲጠይቁት ምን እንደሚመልስ የምትጠብቅበት ቀን እንዳለ ያኔ ገባኝ።

የሥራ ቦታዋ በር ላይ መኪናውን አቁሜ፣ ሳትወርድ ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። በዚያው ስፒከር።

«አባ፣ እንደምን አደሩ? ከባለቤቴ ጋር በቁርባን ልንጋባ ፈልገን ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም አባ። ባይመጣም ነው።»

«ከቁርባን ወዲያ መለያየት የለም። ታውቃለህ አይደል?»

«እሱኑ ፈልገን ነው። ምስክር ግን ብዙ ይሁን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሙሉ ቢመጣ ደስ ይለናል። የአጥቢያው ቄስም እንዳይቀሩ አደራ።»

«የአጥቢያው ቄስ እኔ ነኝ እኮ» አሉ አባ፣ ግራ ገብቷቸው።

ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቃል። ስልኩን ስዘጋ ቦርሳዋን አነሳች።

«የእኛ ቁርባን ዘውድ የለውም» አልኳት። «ተክሊል ለደናግል ነው፤ እኛ አልፎብናል።»

«ያቺ ዘውድ ነበራት» አለች። «ምን ፈየደላት? ይልቅ ለእናትህስ ምን ትመልሳለህ?»

«ዛሬ ወደ ቤት ስንመለስ እደውልላታለሁ። አንቺ ባለሽበት፣ በስፒከር።»

በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች።

«እሺ፣ እቴጌ ማለቱስ ተፈቀደልኝ?»

«አባ ጸሎቱን እስኪጨርሱ በስሜ ጥራኝ።»

ቀኑ ተቆርጦልናል። እስከዚያው ስሟን ከባንኩና ከሐኪሙ እየተዋስኩ ነው።