«ተመስገን» ያልኩበት እግር

ዓመቱን በልክ አላስታውሰውም። ልጆቼ አንድ ነገር ይላሉ፣ ጎረቤቶቼ ሌላ። እኔ የማውቀው ገብሱ ታጭዶ ነዶው ገና ከማሳ እንዳልተነሣ ነው። ያን ነዶ ተሸክሜ ከላይኛው ካብ ስወርድ ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ከዳኝ። ቀኝ እግሬ ከጉልበት ከፍ ብሎ ተሰበረ። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተቀባብሎ አርብ ገበያ አደረሰኝ፤ ከዚያ በመኪና ሆስፒታል ገባሁ። አጥንቱን በብረት አያያዙት።

ቁስሉ ሲደርቅ ከተማ ውስጥ የእህቴ ልጅ ቤት አረፍኩና ወደ አንዲት ሐኪም መሩኝ። ሥራዋ መድኃኒት መስጠት አይደለም፤ የተኛ እግር ማስነሣት ነው። ፊዚዮቴራፒ ይሉታል፤ ቃሉ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አልቀናልኝም። እኔ «ወጌሻዋ» ነበር የምላት፤ በእኛ አገር የተሰበረ የሚያቃና ሰው ወጌሻ ነውና።

«እኔ እኮ ወጌሻ አይደለሁም አባባ፤ ስንት ዓመት ተምሬ ነው» አለችኝ።

«የእኛዎቹማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነው የሚማሩት» አልኳት።

ሳቀች። ከመጨረሻዋ ልጄ የምታንስ ልጅ እግር ናት።

በመጀመሪያው ቀን የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አርሳለሁ ወይ?»

«ቀስ በቀስ ይሻልዎታል አባባ» አለችኝ።

ይህን እንደ አዎ ቆጠርኩት። ዕድሜ ልኬን እርፍ ጨብጬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ለይቼ ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ሌላ ሙያም የለኝ። በሬዎቼ በረት ውስጥ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

የሐኪሟ ደንብ እንዲህ ነው። ጉልበቴን ታጥፋለች፣ ቀጥላም መሬት ታስረግጠኛለች፤ መሐል ላይ ትጠይቃለች።

«ሕመሙን ከአንድ እስከ አስር ቢቆጥሩት ስንት ይሆናል?»

«ተመስገን።»

«ተመስገን ስንት ነው አባባ?»

«እንግዲህ… ሁለት በይው።»

ሁለት አልነበረም። ስረግጥ ዓይኔ ይጨልማል። ግን እኛ ዘንድ «እንዴት ዋልክ» ላለ ሰው ሕመም አይዘረዘርለትም፤ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ከዚያ ዝም ነው። እሱ ያተረፈልኝን እግር እያየሁ ማማረር ነውር መሰለኝ። ደግሞስ የሰው ልጅ ተንበርክካ እግሬን ደግፋ «ጎዳሽኝ» እንዴት ይባላል? ሌላም አለ፣ አልደብቅም። አመመኝ ካልኩ «ይህ ሽማግሌ ከእንግዲህ አያርስም» ብላ የምትተወኝ መሰለኝ።

እሷም ሁለቱን ሁለት ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ጊዜ እግሬ ላይ የማሳርፈውን ክብደት ጨመረችው። ከምደገፍባቸው ሁለት ክራንቾች አንዱን አስጣለችኝ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ተመስገን።

አንድ ቀን ሚስቴ ከብቶቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ልትጠይቀኝ መጣችና ሕክምናው ክፍል አብራኝ ገባች። ነጠላዋን አጣፍታ ጥግ ተቀመጠች። ሐኪሟ እንደ ልማዷ ጠየቀች፤ እኔም ሁለት አልኩ።

«ይዋሻል» አለች ሚስቴ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!»

«አላርፍም። ግራ ቅንድቡን እዪው ልጄ። እንዲህ የሚሸበሽበው በሬ የወጋው ጊዜ ነበር። ያን ጊዜም ደሙ እየወረደ ‹ተመስገን› ሲለን ነበር።»

ሐኪሟ እጇን ሰበሰበች። ቀጥላ ጭኔን ዳሰሰችው፤ አብጧል፣ ይተኩሳል። ራጅ አስነሡኝ። ብረቱ ጎብጧል፤ አጥንቱም አልገጠመም። ጥርሴን ነክሼ በረገጥኩ ቁጥር ያን ብረት ሳጎብጠው ኖሬአለሁ።

ልጅቱ ወረቀቷን እያገላበጠች «ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት» ብላ አነበበችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔ ነኝ የሰበርኩዎት» አለች።

«አይደለሽም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ» አልኳት።

እንደገና ኦፕራሲዮን ሆንኩ። እግሬ አጠረ፤ ጉልበቴ እንደ ደረቀ እንጨት ተገተረ። ብዙ ጊዜ ተኝቼ ሕክምናውን እንደ አዲስ ስንጀምር ቁጥሩ ቀረ። ሚስቴ ከፊቴ ትቀመጣለች፤ እሷ የእኔን ቅንድብ ታያለች፣ ሐኪሟ የእሷን አፍ ትጠብቃለች። «በቃ ልጄ፣ እዚህ ላይ» ስትላት ታቆማለች።

«ይኸው ለሁለት ጠመዳችሁኝ» አልኳቸው።

«ስንቱን በሬ ስትጠምድ ኖረህ የለ? እስቲ አንተም ቅመሰው» አለች ሚስቴ።

አንድ ጠዋት ሚስቴ ሳትናገር እኔ ቀደምኳት። «ያማል» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንባዬ መጣ። ሕመሙ በርትቶ አይደለም፤ ቃሉ ከአፌ መውጣቱ ነው። ሐኪሟ እግሬን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እንግዲህ እኔ እውነቱን ከነገርኩሽ አንቺም ንገሪኝ» አልኳት። «አርሳለሁ?»

ወደ ሚስቴ ዞረች።

«እሷን አትዪ፣ እኔን እዪኝ።»

«አያርሱም አባባ። ጉልበቱ ከዚህ በላይ አይታጠፍም። በከዘራ ይሄዳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ። በሬ ተከትለው ግን አይሄዱም።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን ወዲህ። መናገሩን ፈርቼ ነው።»

አልተቀየምኳትም። እሷም በእሷ በኩል ተመስገን ስትለኝ ነው የከረመችው።

አገሬ ተመለስኩ፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠሁት። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲርስ ሰውየው በሬዎቼን በእኔው ቀንበር ጠመደ። እኔ ያ የከዳኝ ካብ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ትልሙ ጠማማ ነው። ቀኙ በሬ ዳር ደርሶ በዞረ ቁጥር ወደ እኔ ያያል፤ ድምፄን ነው የለመደው።

ሚስቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አመመህ?»

ተመስገን ልል አፌን ከፈትኩ። ቅንድቤን እያየችው ነበር።

«አመመኝ» አልኳት።

በሬዎቹ እስኪፈቱ ድረስ ከጎኔ አልተነሣችም። ያን ዘመን ማን አሻገረህ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ሐኪሟን እግዜር ይስጣት፤ ያሻገረችኝ ግን የልጆቼ እናት፣ ሚስቴ ናት።