አሠልጣኟ ለሜዳው እጅ ስትነሳ

ዛሬ ከልምምድ በኋላ የልጄ የኳስ አሠልጣኝ ባዶው ሜዳ ፊት ከወገቧ ጎንበስ እንዳለች ስትቆይ ሳይ፣ ሰው የሞተባት መሰለኝ።

ጠጋ ብዬ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። በዚህ የኮቪድ ዓመት አፌ ከ«እንደምን አደርሽ» ይልቅ እሱን ለምዷል።

«ማሚ፣ ኮች እኮ ሁልጊዜ ለሜዳው ቦው ታደርጋለች» አለች ልጄ፣ አፍራብኝ። ጃፓን አገር ተጫዋቾች ሲጨርሱ እንዲህ እጅ ይነሳሉ አሉ።

ይህች ሴት አገሯ ጃፓን ኳስ ስትጫወት አድጋ፣ ለአንድ ክለብ ልትጫወት በኮንትራት አሜሪካ የመጣች ናት። ጉልበቷ ተጎዳ፣ ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ ክለቡ አሰናበታት። አሁን ቻይናታውን ምግብ ቤት ሺፍት እየሠራች፣ እዚህ ሰፈራችን ሰንራይዝ ማነር ልጆቻችንን ታሠለጥናለች። ጉልበቴ ሲሻለኝ ወደ ጨዋታ እመለሳለሁ ትል ነበር።

ቀና ብላ «ለምን እንደዚያ አልሽኝ?» አለችኝ።

«ሰው ሲሞት የምንለው ነው። ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ።»

«አልተሳሳትሽም» አለች። «ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ከእንግዲህ አትጫወቺም አለኝ።»

ልጄን መኪና ውስጥ አስገብቼ ተመለስኩ። ለቅሶ ቤት እንደምናደርገው አጠገቧ ቆየሁ።

ሰው ሳይሞት ለቅሶ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ምን አላችሁ?